በደብረ ማርቆስ የመኪናና የትራክተር ማጓጓዣ አገልግሎት፦ ከመወጣጫው እስከ መጨረሻው ቀበቶ

ተሽከርካሪ በተሳቢ ላይ ጭኖ የሚያደርስ አገልግሎት ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ የሚበጀው ጊዜ፣ ጎማው መሬት ከሚለቅበት ደቂቃ አንሥቶ የመጨረሻው ቀበቶ እስኪጠብቅ ያለው ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚያስወጣው መንገድ ዳር ግቢ ይዞ የሚሠራውን አገልግሎት ለሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተጠቅሜበታለሁ። አንደኛው ሞተሩ የማይነሣ ፒክአፕ ለጥገና ወደ አዲስ አበባ መላክ ነበር፤ ሁለተኛው ትራክተር ወደ ዳንግላ ማድረስ ነበር። ሁለቱም ያለ ጉዳት ደርሰዋል። ይሁን እንጂ በሰላም መድረስ ብቻውን ስለ አጫጫኑ ብዙ አይመሰክርም፤ በክፉ አጫጫን ተጭኖ በዕድል የሚደርስ መኪና ብዙ ነውና። ስለዚህ በዚህ ግምገማ ስለ ዋጋና ስለ ፍጥነት ጥቂት ብቻ ጠቅሼ፣ ስለ አጫጫኑ ያየሁትን በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

በአካባቢያችን መኪና ብዙውን ጊዜ የሚጫነው በአፈር ጉብታ ነው። አይሱዙው የኋላ በሩን ከፍቶ ከመንገድ ዳር ካለ የአፈር ቁልል ወይም ከተቆረጠ ዳገት ጋር ይጠጋል፤ በመካከል የቀረው ክፍተት በሳንቃ ይሸፈናል፤ ከዚያም መኪናው በራሱ ኃይል ወይም በሰው ግፊት ይገባል። ዘዴው ርካሽ ነው፣ መሣሪያም አይጠይቅም። ነገር ግን የጉብታው ጠርዝ ከላይ ሲያዩት ጠንካራ ቢመስልም ከጎኑ የሚደግፈው ነገር የለውም፤ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ሲለሰልስ፣ የመኪናው ክብደት ባረፈበት ቅጽበት ሊናድ ይችላል። ሌላም አደጋ አለ። የመኪናው የፊት ጎማ ጭነት መኪናው ላይ ወጥቶ የኋላው ገና ጉብታው ላይ ሳለ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን ከያዘ፣ የፊቱ ጎማ ጭነት መኪናውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ሳንቃውም ይወድቃል። በዚያ ሰዓት ከኋላ ሆነው የሚገፉት ወጣቶች የሚሸሹበት ቦታ የላቸውም። ይህን አገልግሎት ከፍ ያለ ዋጋ ከፍዬም ቢሆን የመረጥኩት ስለዚህ ነው።

ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ያስተዋልኩት የሚጭኑበትን ቦታ አመራረጥ ነው። ከግቢው ግማሽ ያህሉ ወደ አስፋልቱ ያዘነበለ በመሆኑ፣ የሚጭኑት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው በተደለደለው ክፍል ላይ ብቻ ነው። ለቤት መኪናና ለፒክአፕ የሚጠቀሙበት ተሳቢ ሁለት አክስል ያለው ዝቅተኛ ተሳቢ ሲሆን፣ ከመጫኑ በፊት ከሳቢው መኪና ጋር ይያያዛል፤ የሁለቱ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዛሉ፤ ከዚያም በተሳቢው ጅራት ሥር ሁለት የብረት እግሮች ወርደው መሬት ይረግጣሉ። እነዚህን እግሮች ብዙ ጫኞች እንደ ትርፍ ነገር ሲተዉአቸው አይቻለሁ። መኪናው መወጣጫውን ጨርሶ የተሳቢው ጅራት ላይ ባረፈ ጊዜ ግን ክብደቱ በሙሉ ከአክስሉ በስተኋላ ነው፤ ጅራቱ ወደ ታች ሲጫን አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፤ አፍንጫው ደግሞ የሳቢውን መኪና የኋላ ጎማዎች ይዞ ይነሣል። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው መኪና የሚይዘው የኋላ ጎማን ስለሆነ፣ ጎማው መሬቱን በለቀቀ ጊዜ ፍሬኑ ተይዞም ቢሆን የሚይዘው ነገር የለም፤ ሳቢው፣ ተሳቢውና ተጫኙ አንድ ላይ ይንሸራተታሉ። በእነዚህ ሁለት እግሮች ላይ ያላቸው ጥብቅነት ብቻ ለእኔ በቂ ምስክር ነበር።

መወጣጫዎቹ ባለ ጥርስ ብረቶች ናቸው። እያንዳንዳቸው በተሳቢው ጠርዝ ላይ ከሚገቡበት መንጠቆ በተጨማሪ በአጭር ሰንሰለት ይታሰራሉ። የሚነዳው ጎማ መወጣጫው ላይ ሲወጣ መኪናውን ወደ ፊት የሚያስኬደው መወጣጫውን ወደ ኋላ እየገፋ ነው፤ ሰንሰለት የሌለው መወጣጫ መኪናው መሐል ላይ ሳለ ተስፈንጥሮ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለቱ መወጣጫዎች መካከል ያለውን ስፋት በዓይን ግምት አያስቀምጡትም፤ የመኪናውን የፊትና የኋላ ጎማዎች ስፋት በሜትር ለክተው ነው የሚያስተካክሉት። ፒክአፑ በጭቃ ተጎትቶ የመጣ ስለነበር ጎማዎቹንና መወጣጫዎቹን በውኃና በመጥረጊያ አጥበው፣ እስኪደርቅ አስጠብቀውኛል። በዚህ የተነሣ የጉዞው መነሻ ዘግይቷል፤ እኔ ግን በዚህ ቅር የሚሰኝ ደንበኛ እንዲኖር አልመኝም፤ የጎጃም ጭቃ በብረት ላይ እንዴት እንደሚያንሸራትት የሚያውቅ ሰው ይህን መዘግየት እንደ አገልግሎቱ አካል ይቆጥረዋል።

በየጋራዡና በየመንገድ ዳሩ መኪና ሲጫን የምንሰማው ጫጫታ የታወቀ ነው። አንዱ «ና፣ ና፣ ና» ሲል ሌላው «ቀኝ ስበር» ይላል፣ ሦስተኛው «በቃ!» ብሎ ይጮኻል፤ መሪውን የያዘው ሰው የማንን ቃል እንደሚከተል አያውቅም። እዚህ ጭነቱን የሚመሩት ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሰው ናቸው፤ ከእርሳቸው በስተቀር ማንም ድምፅ አያሰማም። እኔም ከጎን ሆኜ «ጋሼ፣ ግራው ትንሽ ወጣ ያለ ይመስላል» ብል፣ ዘወር ሳይሉ «ቆይ፣ እናቁመውና እርስዎም ይዩት» ብለው በእጃቸው አስቆሙ፤ ሁሉም ባለበት ቆሞ ጎማው ከታየ በኋላ ነው የቀጠሉት። የሚቆሙት ከመኪናው ፊት ለፊት ወይም ከኋላው ሳይሆን በሰያፍ፣ መሪውን የያዘው ሰው ሁልጊዜ በሚያያቸው ቦታ ነው። ከታዩበት ከተሰወሩ መኪናው ወዲያው ይቆማል። ይህን ስምምነት ከመጀመራቸው በፊት ጮክ ብለው ይናገሩታል።

ሞተሩ የማይነሣ መኪና መጫን ከሚነሣው ይልቅ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሞተሩ ካልሠራ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ስለሚጠፋ፣ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል፤ መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ካልተከፈተ ደግሞ መሪው ጨርሶ ይቆለፋል። ፒክአፑ የተሳበው በዊንች፣ ማለትም የብረት ካቦ እየጠቀለለ በሚጎትት መሣሪያ ነው። የዊንቹ ካቦ ከሾፌሩ ወንበር በታች ባለው ቻሲስ ላይ ወይም ደርሰው በያዙት ብረት ላይ አልታሰረም፤ መኪናው ለመጎተቻ ተብሎ በተሠራለት ቀለበት ላይ ነው የታሰረው። በካቦው መካከል ወፍራም እርጥብ ጆንያ ተጥሎበታል፤ ካቦው ቢበጠስ የጆንያው ክብደት ግርፋቱን ወደ ታች እንዲስበው ነው። የተወጠረ የብረት ካቦ ሲበጠስ በተወጠረበት መስመር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በዚያ መስመር ላይ የቆመ ሰው ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ዊንቹን የሚያሠራው ወጣት ከጎን ሆኖ ነበር የሚሠራው፤ የቆዳ ጓንትም አጥልቋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ግን የታኮው ነገር ነው። አንድ ረዳት መኪናው አንድ እርምጃ በወጣ ቁጥር ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ ያስከትላል፤ ታኮው በረዥም ገመድ የታሰረ በመሆኑ እጁ ወደ ጎማው አይጠጋም፣ እግሩም ከመወጣጫው ውጪ ነው። ካቦው ቢበጠስ መኪናው የሚንሸራተተው ከአንድ እርምጃ አያልፍም ማለት ነው።

መኪናው ተሳቢው ላይ ከወጣ በኋላ የት እንደሚቆም መወሰን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከሳቢው መኪና መንጠቆ ላይ የሚያርፈው ጫና ከተሳቢውና ከጭነቱ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ይመከራል። ሁለት ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን ፒክአፕ 700 ኪሎ ግራም በሚመዝን ተሳቢ ላይ ቢጫን፣ መንጠቆው ላይ ማረፍ ያለበት ከ270 እስከ 405 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ካነሰ፣ ማለትም ጭነቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ፣ ተሳቢው ፍጥነት ሲጨምር ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ በቁልቁለት ላይ ይህን ውዝዋዜ በፍሬን ለማቆም መሞከር ያባብሰዋል። ሞተሩ ያለበት ወገን የሚከብድ ስለሆነ ፒክአፑን በአፍንጫው አስገብተው፣ ሳቢው መኪና ምን ያህል እንደተጫነ በባሌስትራው አቀማመጥ እያዩ፣ ጥቂት ወደ ፊት፣ ከዚያ መለስ አድርገው አቆሙት። በሚዛን ባያረጋግጡትም የተሳቢው አልጋ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ እስኪቀመጥ ድረስ አልተዉትም።

አስተሳሰሩ ላይ ልቆይበት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት ሁሉ ዓባይን ይሻገራል። ከደጀን ከተማ ወደ ወንዙ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀውን የህዳሴ ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ጭነቱ ወደ ፊት ለመሄድ የሚገፋበት ኃይል ትልቅ ነው። በአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር መመዘኛ መሠረት ማሰሪያው የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ ወደ ፊት፣ 50 በመቶውን ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መቋቋም አለበት። ለሁለት ሺህ ኪሎ ግራም ፒክአፕ ይህ ማለት ወደ ፊት 1,600፣ ወደ ጎን 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ጫና ነው። የእጅ ፍሬንና ማርሽ ይህን ብቻቸውን አይችሉትም፤ የሲባጎ ገመድማ ጭራሽ አይታሰብም።

እዚህ የሚጠቀሙት 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፖሊስተር ቀበቶ ነው፤ በላዩ የተሰፋው ሰማያዊ ምልክት የሚሸከመውን ጫና ይናገራል፤ እኔ ባየኋቸው ላይ የተጻፈው 2,500 ዴካ ኒውተን ነበር፤ በተራ አነጋገር 2,500 ኪሎ ግራም ያህል ማለት ነው። የቀበቶው ጨርቅ ብቻውን የሚበጠስበት ኃይል የዚህ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ቢሠራም፣ ያ ትርፍ ለድንገተኛ ምት የተተወ እንጂ እንዲጫኑበት የተሰጠ አይደለም። ደግሞም ቀበቶው በሰያፍ ስለሚታሰር ሙሉ ዐቅሙ ወደ ፊት አይሠራም፤ በጣም ቀጥ ብሎ ወደ ታች የታሰረ ቀበቶ መኪናውን ወለሉ ላይ ይጫነዋል እንጂ ወደ ፊት ከመሄድ እምብዛም አያግደውም። እነርሱ አራቱን ጎማዎች ለየብቻ አሰሩ፤ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ የሚስቡ ሆነው። ጎማውን ማሰር ከቻሲሱ የሚበልጥበት ምክንያት አለው፦ ቻሲስ ላይ የታሰረ ቀበቶ መኪናው በባሌስትራውና በሞላው ላይ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል፤ ጎማው ከታሰረ ግን ቦዲው በሞላው ላይ እንደልቡ ሲንቀሳቀስ ቀበቶው አይነካም። ቀበቶው በብረት ጠርዝ በሚያልፍበት ሁሉ ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ የተቆረጠ መከላከያ ሥሩ አስገብተውበታል፤ ማጥበቂያውን ከጨረሱ በኋላ የተረፈውን ጭራ ነፋስ እንዳይጫወትበት ጠቅልለው አሰሩት።

ሉማሜ ስንደርስ ሾፌሩ ማንም ሳይነግረው አቁሞ ወረደና አራቱንም ቀበቶዎች በእጁ መታቸው። ከአራቱ አንዱ ጥቂት ላልቶ ነበር። ጎማው በአልጋው ላይ ሲደላደል መጀመሪያው መንገድ ላይ መላላት የተለመደ ስለሆነ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ጉድለት የሚሆነው ሳይታይ ቢቀር ነው። ደጀን ላይ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ከቀበቶዎቹ ጋር የተሳቢውን መብራቶች፣ በመንጠቆው ሥር የተጠላለፉትን ሁለት የደኅንነት ሰንሰለቶችና የጎማዎቹን ሙቀት አየ። ከዚያ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ፍሬን ወረደ።

የትራክተሩ ጭነት በሎቤድ፣ ማለትም ከባድ ማሽን በሚጫንበት ዝቅተኛ አልጋ ባለው ትልቅ ተሳቢ ነበር፤ እዚያ ያለው አደጋ ሌላ ዓይነት ነው። ትራክተር ቀጥ ብሎ በቆመ መወጣጫ ላይ በአፍንጫው ሲወጣ ኃይሉ ከኋላ ጎማው ስለሚመጣ አፍንጫው ይነሣል፤ ከተነሣ ደግሞ ወደ ኋላ ለመገልበጥ ከሁለት ሴኮንድ በላይ አይፈጅበትም፤ ነጂው ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ የለውም። ስለዚህ በኋላ ማርሽ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ ከባዱን ወገን አስቀድመው አስወጡት። ከዚያ በፊት ግን ነጂው ያደረገው አንድ ነገር አለ፤ ማሳ ላይ ትራክተሩ በጠባብ ቦታ እንዲዞር ሲባል የተለያዩትን የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎች በመቆለፊያቸው አንድ አደረጋቸው። ይህ ካልተደረገ መወጣጫ ላይ ፍሬን የረገጠ ነጂ አንዱን ጎማ ብቻ ሊይዝ፣ ትራክተሩም ወደ ጎን ሊታጠፍና ከመወጣጫው ሊወድቅ ይችላል። ብዙ ነጂዎች ፔዳሎቹ የሚቆለፉ መሆናቸውን እንኳ ሲረሱት እናያለን። አንዴ ከቆመ በኋላ ትራክተሩ የታሰረው በቀበቶ ሳይሆን 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሰንሰለት ነው፤ የዚህ ዓይነት የ8ኛ ደረጃ ሰንሰለት ለማሰሪያ የተፈቀደለት ጫና 6,300 ዴካ ኒውተን ነው። የሰንሰለቱ ጫፎች የታሰሩት በአክስሉና በመጎተቻው ላይ ነበር። ጭስ ማውጫው ከሁሉ ከፍ ያለ ስለነበር ከመሬት እስከ ጫፉ ለክተው ለሾፌሩ ነገሩት፤ በየከተማው መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ ዝቅ ያለ የኤሌክትሪክ ገመድ አይጠፋምና።

ጉድለቶቹንም ልጥቀስ፤ የሚስተካከሉ ስለሆኑ ነው። ከቀበቶዎቹ አንዳንዶቹ ምልክታቸው በፀሐይ ነጥቶ አይነበብም ነበር፤ የሚሸከመው ጫና የማይነበብ፣ ወይም ጠርዙ ከስፋቱ አንድ ዐሥረኛ በላይ የተቆረጠ ቀበቶ ከሥራ መውጣት አለበት። ስጠይቅ ያለ ክርክር ቀይረውልኛል፤ ነገር ግን መጠየቅ አልነበረብኝም። ረዳቶቹ በነጠላ ጫማና በኮንጎ ይሠራሉ፤ መወጣጫ ብረት እግር ላይ ቢወድቅ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ለጓንት ያሰበ ባለቤት ለጫማም ማሰብ አለበት። የግቢው በር ክፍት ስለሚሆን ሕፃናት ለማየት ይሰበሰባሉ፤ የሚከለክላቸው አንድ ሰው አልተመደበም። መኪናው ሲወሰድ የነበረበትን ሁኔታ የሚገልጽ የጽሑፍ ርክክብም የላቸውም፤ እኔ በስልኬ ከአራቱም ወገን ፎቶ አንሥቼ ለሾፌሩ አሳየሁት፤ ሌላውም ደንበኛ እንዲሁ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ዋጋው ከአፈር ጉብታው አይሱዙ ይበልጣል፤ ልዩነቱ ለእኔ የሚያስቆጭ አልነበረም፤ መኪናው ባለቤት ያለው ንብረት ነው፣ ከኋላው የሚቆመው ወጣት ደግሞ የሰው ልጅ ነው። ማታ አይጭኑም፤ ብዙ ደንበኞች ይህን እንደ እንቢተኝነት ቢያዩትም እኔ እደግፈዋለሁ፤ በስልክ መብራት መወጣጫ ላይ ጎማ ማስተካከል አይቻልም። በኅዳርና በታኅሣሥ የስንዴ አጨዳ ኮምባይነሮች ወደ ጎጃም ሲመጡ ሎቤዱ ሥራ ስለሚበዛበት፣ ትራክተር የሚያስጭን ሰው ቀደም ብሎ ቀጠሮ መያዝ አለበት።

የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች አንድ ነገር እንዲያውቁ እወዳለሁ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪኖች በባሕር ዳርም በማርቆስም እየበዙ ነው። ባትሪያቸው ከወለላቸው ሥር የተዘረጋ በመሆኑ፣ መወጣጫው አጭርና ቀጥ ያለ ከሆነ መኪናው ጫፉን ሲያልፍ ሆዱ ብረቱን ይነካል፤ የባትሪው ሽፋን ከተጎዳ ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል። መኪናው ለመጎተት በተዘጋጀው አቋም ውስጥ ካልገባም ጎማዎቹ ተቆልፈው ስለሚቀሩ በዊንች መሳብ ሞተሩን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን የሚያደርገው ቅደም ተከተል በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስለሚገኝ መጽሐፉን ይዞ መምጣት ያስፈልጋል። ግቢው ለእነዚህ መኪኖች የሚሆን ረዥም መወጣጫ አለው፤ ያለው ግን አንድ ጥንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሲደውሉ የመኪናውን ዓይነት ነግረው ማስያዝ ይኖርብዎታል።